ትርንጎ አልጽፍም ያለች ቀን

ተረት ተረት።

የመጽሔት ቤት!

ትርንጎ የምትባል አንዲት ጸሐፊ ነበረች። የየትኛውም መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ አልነበረችም፤ ለጠራት ሁሉ ትጽፋለች። እንዲህ ያለውን ሰው በከተማው ቋንቋ «ነጻ ጸሐፊ» ይሉታል። ችግሩ፣ ሰዉ «ነጻ» የሚለውን ቃል የሚሰማው በራሱ መንገድ ነበር። «ነጻ ጸሐፊ ነኝ» ስትላቸው፣ «እግዜር ይስጥሽ» ይሏታል።

አንድ ቀን ጠዋት ከታክሲ ስትወርድ መነጽሯ ከአፍንጫዋ ላይ ወደቀ። ከኋላዋ የሚወርደው ሰውዬ ረገጠው።

«ይቅርታ እህቴ፣ አላየሁትም» አላት።

«እኔም ከእንግዲህ አላየውም» አለችው።

ትርንጎ ያለ መነጽር ሰውን የምትለየው በድምፁ፣ አውቶቡስን የምትለየው በቀለሙ ነው። ፊደል እንዲታያት አፍንጫዋን ኮምፒውተሩ ላይ መለጠፍ አለባት። ፊደል ካልታያት አትጽፍም፤ ካልጻፈች አትበላም። ስለዚህ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ መነጽር።

አራት ኪሎ፣ አቶ ባዩ የሚባል መነጽር ሠሪ አለ። ዓይኗን መረመረ፣ መስታወቱን ልክ በልክ ቆረጠ፣ ፍሬሙ ውስጥ ከተተ፣ የመነጽር መያዣው ውስጥ አስተኛው፤ ከዚያም በላዩ ላይ እጁን ጫነ።

«ብሩን የጻፍኩለት መጽሔት ሲከፍለኝ አመጣልዎታለሁ» አለች ትርንጎ።

«እሱ ሲከፍልሽ እኔም እሰጥሻለሁ» አለ አቶ ባዩ። «ጸሐፊ ነሽ እንዴ? ታዲያ በሬ ላይ የምለጥፋት አንዲት ነገር ጻፊልኛ። ሁለት ቃል ትበቃለች፤ ለአንቺ ምን አላት?»

ትርንጎ ወረቀቱን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ፣ «ካላዩ ይግቡ፤ ሲወጡ ያያሉ» ብላ ጻፈችለት። አቶ ባዩ በጣም ደስ አለው። መነጽሩን ግን አልሰጣትም።

መነጽር ሠሪው አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አይታያትም።

መጽሔት ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ትርንጎ በግድግዳው እየተመራች ደረጃውን ወጣችና ወደ አዘጋጁ ወደ አቶ ምናሴ ክፍል ገባች። በከተማው ውስጥ ቆመው ስለቀሩ የአደባባይ ሰዓቶች የጻፈችው ጽሑፍ ከታተመ ሰንብቷል፤ መጽሔቱም ተሸጦ አልቋል።

«ትርንጎ! ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው የጻፍሽው!» አለ አቶ ምናሴ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ። «ሰዉ ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው እኮ። ባለቤቴ እንኳን አንብባዋለች፤ እሷ ምንም አታነብም።»

«ደስ ይላል። ክፍያዬስ?»

አቶ ምናሴ ተመልሶ ተቀመጠ። «እኔ እንኳ ጽሑፍ ነው የምነካው፤ ብር አልነካም። ብር የምትነካው ገንዘብ ያዧ ናት። በነገራችን ላይ ለዚህ እትም ርዕስ ጠፍቶኛል፤ ቆመሽም ቢሆን አንዲት ርዕስ ጣል አድርጊልኝ።»

ቆማ ጣል አደረገችለት።

አዘጋጁ ብር አልነካም አለ፤ መነጽር ሠሪው አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አይታያትም።

ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ዘነቡ ናት። ከጀርባዋ ከትርንጎ ቁመት የሚስተካከል ካዝና ቆሟል፤ የካዝናው ቁልፍ በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን አስረዳቻት።

«ውይ በሞትኩት፣ በዓይን ቀልድ የለም» አለች ወይዘሮ ዘነቡ። ከልቧ ነው ያዘነችላት። «ግን እኔ ካዝናዬን ያለ ባለቤቱ ፊርማ አልከፍትም። ባይሆን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለቅሶ ቀርቼ ዕድሩ ሊቀጣኝ ነው፤ ታምሜ ነበር የሚል ደብዳቤ ጻፊልኝ። አንጀት የሚበላ ይሁን።»

ትርንጎ አንጀት የሚበላ ሕመም ፈጠረችላት። ወይዘሮ ዘነቡ አንብባ ስትጨርስ ትንሽ ያመማት መሰላት።

ገንዘብ ያዧ ካዝናዬን አልከፍትም አለች፤ አዘጋጁ ብር አልነካም አለ፤ መነጽር ሠሪው አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አይታያትም።

የመጽሔቱ ባለቤት አቶ ድንበሩ ከላይኛው ፎቅ ነው የሚቀመጠው። ጠረጴዛው ከመስፋቱ የተነሣ ትርንጎ በወዲህኛው ጫፍ ሆና ስታየው ኮት የለበሰ ጭጋግ መሰላት።

«ከየት አምጥቼ ነው የምፈርመው?» አለ ጭጋጉ። «ካንቺ ጽሑፍ ፊት ለፊት ሙሉ ገጽ የብስኩት ማስታወቂያ ወጥቷል፤ አይተሽዋል? ፋብሪካው እስካሁን አልከፈለኝም። እነሱ ሳይከፍሉ አልፈርምም።»

«እኔ ግን ጽሑፉን ሳስረክብ ማስታወቂያው ይከፈል አይከፈል አልጠየቅኩም» አለች ትርንጎ።

«እሱማ ልክ ነሽ» አለ አቶ ድንበሩ። ልክነቷ ግን ምንም አላስወጣውም። «ለማንኛውም ጋብቻችን የሚታሰብበት ቀን ደርሷል፤ ለባለቤቴ ካርድ ላይ የምጽፈው ነገር ፈልጊልኝ። ከልቤ የወጣ ይምሰል።»

ትርንጎ ከልቡ አወጣችለት። ሥራው ቀላል አልነበረም።

ባለቤቱ አልፈርምም አለ፤ ገንዘብ ያዧ ካዝናዬን አልከፍትም አለች፤ አዘጋጁ ብር አልነካም አለ፤ መነጽር ሠሪው አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አይታያትም።

ቃሊቲ ድረስ በታክሲ ሄደች። ያለ መነጽር ፋብሪካውን ማግኘት አልከበዳትም፤ ሽታው ከመንገድ ይጠራል። ምሳ አልበላችም ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አስካለ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ በሁለት ስልክ እያወራች ነው የተቀበለቻት።

«ማስታወቂያው ቆንጆ ነበር፤ አልካድኩም» አለች፣ አንደኛውን ስልክ ደረቷ ላይ ይዛ። «ግን ሐጂ ሙዘይን ከመርካቶ በመኪና በመኪና ብስኩት ወስደው ዝም ብለውኛል። እሳቸው ሳይከፍሉኝ ቼክ አልቆርጥም። ቆይ፣ ጸሐፊ ነሽ ነው ያልሽኝ? አዲሱ ፓኬት ላይ የሚወጣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ስጪኛ። ልጅም አዋቂም የሚስብ።»

ትርንጎ ጥቂት አሰበችና፣ «ለልጅዎ ገዝተው ራስዎ የሚጨርሱት ብስኩት» አለች።

ወይዘሮ አስካለ ሁለቱንም ስልኮች ዘጋች። ከዚያም ከደስታዋ የተነሣ ለሽያጭ የማይሆን ስብርባሪ ብስኩት በፌስታል ሞልታ ሰጠቻት። ትርንጎ በመንገድ ላይ በላችው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለጻፈችው ሁሉ ያገኘችው ክፍያ እሱ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ቼክ አልቆርጥም አለች፤ ባለቤቱ አልፈርምም አለ፤ ገንዘብ ያዧ ካዝናዬን አልከፍትም አለች፤ አዘጋጁ ብር አልነካም አለ፤ መነጽር ሠሪው አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አይታያትም።

በማግሥቱ መርካቶ ወረደች። ሐጂ ሙዘይን በካርቶን ግንብ መካከል፣ በካርቶን ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ደግ ሰው ናቸው። ወንበር አስመጡላት፣ ውኃ አስመጡላት፣ ከየት እንደመጣችም ጠየቋት።

«ሐጂ፣ እርስዎ ለፋብሪካው ካልከፈሉ ሥራ አስኪያጇ ቼክ አልቆርጥም አለች፤ እሷ ካልቆረጠች ባለቤቱ አልፈርምም አለ፤ እሱ ካልፈረመ ገንዘብ ያዧ ካዝናዬን አልከፍትም አለች፤ እሷ ካልከፈተች አዘጋጁ ብር አልነካም አለ፤ እሱ ካልነካ መነጽር ሠሪው አልሰጥም አለ፤ እኔም አይታየኝም።»

«ያ አላህ! ይህ ሁሉ ሰው እኔን ነው የሚጠብቀው?» አሉ ሐጂ፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው። «ልጄ፣ ብሩ እጄ ላይ ቢኖር እኮ ዛሬውኑ ነበር። ወንዳፍራሽ የሚባል የጉለሌ ሰው ነገ ልጁን ይድራል፤ ለሠርጉ ሩዙን፣ ዘይቱን፣ ለስላሳውን በዱቤ ከኔ ጭኖ ሄደ። እሱ ሳይሰጠኝ የብስኩቱን ሒሳብ አልዘጋም። ከምን ልዘጋው?»

ትርንጎ ልትነሣ ስትል ሐጂ እጃቸውን አነሡ።

«ዱቤ የለም የሚል ነገር ጻፊልኝማ። ግን ሰው የሚያስቀይም እንዳይሆን፤ ዘመድም ያነበዋል።»

«እንወድዎታለን። መዋደዳችን እንዲቀጥል በጥሬ ብር ይክፈሉ» ብላ ጻፈችላቸው። ሐጂ ሁለት ጊዜ አስነበቧት። «እንደ ግጥም ነው!» አሉና መረቋት። ምርቃቱ ረጅምና ጥሩ ነበር። መነጽር ሠሪው ግን ምርቃት አይቀበልም።

ሐጂ ሒሳቡን አልዘጋም አሉ፤ ሥራ አስኪያጇ ቼክ አልቆርጥም አለች፤ ባለቤቱ አልፈርምም አለ፤ ገንዘብ ያዧ ካዝናዬን አልከፍትም አለች፤ አዘጋጁ ብር አልነካም አለ፤ መነጽር ሠሪው አልሰጥም አለ፤ ትርንጎም አይታያትም።

ጉለሌ ስትደርስ ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። አንድ ሰው ካስማ ይመታል፣ ሌላው አምፖል ያንጠለጥላል፣ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ። ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ የሙሽራዋ አባት፣ ከድንኳኑ ጀርባ ብቻቸውን ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ትርንጎ ሁለት ጊዜ «ጋሽዬ» ብላ ጠራቻቸው፤ አልሰሟትም። በሦስተኛው ቆሙ።

«ከሐጂ ነው የመጣሁት» አለች።

«ዛሬ ስለ ሒሳብ እንዳታነሺብኝ!» አሉ። «ዛሬ እጄን ኪሴ አልከትም። ነገ አማቾቼ ፊት ቆሜ ልጄን መርቄ መናገር አለብኝ፤ አንድም ቃል የለኝም። ንግግሩ እስኪገኝ ድረስ ሌላ ነገር አላስብም።»

«ታላቅየዋን ሲድር ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለች ሽንኩርት የምትከትፈው እህታቸው፣ እትዬ የሺመቤት። «ተነሣ። ማይኩን ያዘ። ‹እንግዲህ› አለ። ተቀመጠ። ቪዲዮው ላይ አለ።»

«አለ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «አሁን ደግሞ የምድራት የመጨረሻዬ ናት። ውብአንቺን ያሳደግኳት እናቷ ከሞተች በኋላ ነው። እንግዲህ ብዬ ልሸኛት?»

ትርንጎ ወደሳቸው ጠጋ አለች። ፊታቸው አልታያትም፤ ድምፃቸው ግን በደንብ ተሰማት።

«ሐጂ ላንቺ ምንሽ ናቸው?» አሏት ቆይተው።

ትርንጎ ትንፋሿን ሳበች። «እርስዎ እጄን ኪሴ አልከትም አሉ፤ ሐጂ ሒሳቡን አልዘጋም አሉ፤ ሥራ አስኪያጇ ቼክ አልቆርጥም አለች፤ ባለቤቱ አልፈርምም አለ፤ ገንዘብ ያዧ ካዝናዬን አልከፍትም አለች፤ አዘጋጁ ብር አልነካም አለ፤ መነጽር ሠሪው አልሰጥም አለ፤ እኔም አይታየኝም። ጸሐፊ ነኝ።»

ካስማ የሚመታው ሰውዬ መዶሻውን አቆመ።

«ጸሐፊ!» አለች እትዬ የሺመቤት፣ ቢላዋዋን አስቀምጣ። «ወንድሜ፣ እግዜር እቤትህ ድረስ ላከልህ! በይ የኔ እመቤት፣ ቁጭ በይና ጻፊለት። ሁለት መስመር ነው፤ ላንቺ ምን አላት?»

ትርንጎ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። ልማድ ነው። የሰውየው ነገርም አንጀቷን በልቷታል፤ ከጠየቋት ሁሉ የእሳቸውን ያህል ልትጽፍለት የፈለገችው ሰው አልነበረም። ግማሽ መንገድ ጎንበስ እንዳለች ግን በራፍ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ትዝ አላት፤ ርዕሱም፣ የዕድሩ ደብዳቤም፣ የትዳሩ ካርድም፣ የብስኩቱ ፓኬትም፣ የሐጂ ማስታወቂያም ትዝ አላት። ሰዉ ሁሉ አልሰጥም፣ አልነካም፣ አልከፍትም፣ አልፈርምም፣ አልቆርጥም፣ አልዘጋም ሲል፣ በዚህ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ እምቢ ሳትል የቀረች እሷ ብቻ ነበረች።

ቀና አለች።

«አልጽፍም» አለች።

ራሷም ደነገጠች። ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት።

«ምን አልሽ?» አለች እትዬ የሺመቤት።

«በነጻ አልጽፍም።»

«በሠርግ ቤት ደግሞ ዋጋ ይጠራል? ሁለት መስመር እኮ ነው!»

«ሁለት መስመር ከሆነች እናንተው ጻፏት፣ እትዬ» አለች ትርንጎ። ቁጣ የለባትም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ እህታቸውን፣ ከዚያ ድንኳኑን፣ ከዚያ ትርንጎን ተመለከቱ።

«የሺመቤት፣ ለድንኳን ተካዩ ከፍለናል?»

«ቀብድ ሰጥተነዋል።»

«ለዲጄውስ?»

«አስቀድሞ ካልተከፈለው መቼ ይመጣል?»

«ለቪዲዮ አንሺውስ?»

«ግማሹን ወስዷል።»

«አየሽ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «ዲጄው ቢቀርብኝ ስልክ ከፍቼ አስጨፍራለሁ። ቪዲዮውም ቢቀር ደስታዬ ነው። የሌለኝ ቃሉ ነው። ለሌለኝ ነገር ያልከፈልኩ ለምን ልከፍል ነው?» ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ስንት ነው ልጄ?»

ትርንጎ ዋጋዋን ተናገረች። ሳትቀንስ፣ ይቅርታም ሳትጠይቅ። ጋሽ ወንዳፍራሽ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆጥረው ሰጧት። ብሩ ፍሬሙን ይገዛል፤ መስታወቱን አይገዛም።

ከዚያ ተቀመጠች። መጻፍ አልጀመረችም፤ መጠየቅ ጀመረች። ውብአንቺ ልጅ ሳለች የት ትውል ነበር? ምን ያስቃት ነበር? ጋሽ ወንዳፍራሽ መጀመሪያ «እንግዲህ» አሉ፤ ከዚያ አላቆሙም። ትምህርት ቤት በማይኖርባቸው ቀናት ልጅቱን የሚተዉበት ቤት ስለሌላቸው አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያስቀምጧት እንደነበር፣ እሷም ፌርማታውን በጠቅላላ በቃሏ አጥንታ ለተሳፋሪው እየጮኸች ትናገር እንደነበር፣ አንድ ቀን ታማ ስትቀር እሳቸው ፌርማታ ስተው እንዳለፉ ነገሯት።

ትርንጎ የለስላሳ ካርቶን ቀድዳ፣ ለራሷ እንዲታያት ብላ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ጡጫ አሳክላ በማርከር ጻፈችው። ጽሑፉ ሲያልቅ ጋሽ ወንዳፍራሽ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ልጄ፣ እኔ ሰው ወዳሰበበት ሳደርስ ኖሬያለሁ» ይላል መጀመሪያው። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ማንበብ አቃታቸው። እትዬ የሺመቤት ከሽንኩርቱ ርቃ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ዓይኗን ጠረገች።

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ደረታቸው ሰፍቶ። «አሁን ልቤ ተመለሰ። የሐጂስ ስንት ነበር?»

ስልካቸውን አወጡና እዚያው በቆሙበት ላኩላቸው።

ሠርጉ አማረ፤ ንግግሩም ቪዲዮው ላይ አለ። ሰኞ ቢሮ ሲከፈት ነገሩ ሁሉ የሄደበትን መንገድ ይዞ ተመለሰ። የሙሽራዋ አባት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ሐጂ ሒሳቡን ዘጉ፤ ሥራ አስኪያጇ ቼክ ቆረጠች፤ ባለቤቱ ፈረመ፤ ገንዘብ ያዧ ካዝናዋን ከፈተች፤ አዘጋጁ ብር ነካ፤ መነጽር ሠሪው ሰጠ፤ ትርንጎም አየች።

መጀመሪያ ያየችው አቶ ባዩን ነው። በድምፁ ሽማግሌ ይመስላት ነበር፤ ለካ ወጣት ነው። ቀጥሎ ያየችው በሩን ነው። «ካላዩ ይግቡ» የሚለው ጽሑፍ በወርቃማ ቀለም ተጽፎ ተሰቅሏል፤ ሥሩም ሰዎች ተሰልፈዋል።

«ገበያው እንዴት ነው?» አለችው።

«ተመስገን! ከተለጠፈ ወዲህ ፋታም የለኝ» አለ አቶ ባዩ። ከዚያ በሩን ቀና ብሎ አየና፣ ሳትጠይቀው ከፍሬሙ ዋጋ ላይ ቀንሶ መለሰላት።

ከሰዓት በኋላ አቶ ምናሴ ደወለ። «ትርንጎ፣ ለሚቀጥለው እትም አንድ ትልቅ ጽሑፍ ፈልጌ ነበር። ካንቺ ሌላ የሚጽፋት የለም። ክፍያውን እንደተለመደው ከታተመ በኋላ...»

«አልጽፍም» አለች ትርንጎ። አሁን ግን አልደነገጠችም። «ግማሹን አስቀድማችሁ፣ ግማሹን ሳስረክብ።»

«እሱን እንኳ ገንዘብ ያዧን ልጠይቅ» አለ አቶ ምናሴ።

ጠየቃት። ገንዘብ ያዧ ወደ ባለቤቱ ላከችው፤ ባለቤቱ ወደ ሥራ አስኪያጇ ላከው፤ ሥራ አስኪያጇ ወደ ሐጂ ላከችው። አዘጋጁ ቃሊቲና መርካቶ ሲመላለስ ሰነበተ፤ ትርንጎ ቤቷ ቁጭ ብላ ለሌላ ከፋይ ጻፈች። በመጨረሻ አቶ ምናሴ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ ፖስታ ይዞ በሯን አንኳኳ።

«ግማሹ ነው» አለ፣ እያለከለከ። «ቁጠሪው።»

ትርንጎ መነጽሯን አስተካክላ ቆጠረችው። ከዚያ አቶ ምናሴን ወደ ቤት አስገባችውና ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ተረቱ አለቀ። ዳቦው ግን መምጣት የነበረበት አስቀድሞ ነው።